ትኬት የሚቆርጥ የአማርኛ ቻትቦት በምን ይመዘናል?

አንዲት ተማሪ የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ለማስተርስ ቴሲሴ ቴሌግራም ላይ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ትኬት የሚቆርጥ የአማርኛ ቻትቦት ሰርቻለሁ። ብሉ ስኮሩ ከ100 4 ብቻ ነው የመጣው። ሰላሳ ጓደኞቼን አስሞክሬ ከ5 በአማካይ 4.7 ሰጡኝ። አድቫይዘሬ ግን በዚህ ቁጥር ዲፌንስ አትገቢም እያለኝ ነው። ሞዴሉን ልቀይር ወይስ መለኪያውን? ድምፅስ ልጨምርበት? ተጠቃሚውንስ አንተ ይበል አንቺ ይበል?»

እህቴ ሞዴሉን ለጊዜው አትንኪው። አድቫይዘርሽም ተሳስቷል አልልም፣ ግን 4ቱም ሆነ 4.7ቱ ሰውየው የፈለገውን ትኬት አገኘ ወይስ አላገኘም ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጡም፣ ትኬት ለሚቆርጥ ቦት ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይመጣል።

ከብሉ ልጀምር። ብሉ በ2002 (በእኛ ነው ካላልኩሽ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) አይቢኤም ውስጥ ለማሽን ትርጉም የተሰራ መለኪያ ነው፣ ሞዴሉ ያወጣውን ከሪፈረንሱ ጋር፣ ማለትም ትክክል ተብሎ ሰው አስቀድሞ ከጻፈው መልስ ጋር፣ ያስተያይና ስንት ቃል፣ ስንት ተከታታይ ቃል ተገጣጠመ ብሎ ይቆጥራል። ለትርጉም ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ምንጩ አንድ ስለሆነ ሁለት ጎበዝ ተርጓሚዎች ብዙም አይራራቁም። ወሬ ላይ ግን ለአንድ ጥያቄ ስፍር ቁጥር የሌለው ትክክለኛ መልስ አለ። ያንቺኑ ቦት እንይ፣ ሪፈረንሱ «ትኬትዎ ተቆርጧል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይገኙ» ነው እንበል። አንዱ ሞዴል «ቆርጬልዎታለሁ ለሌሊቱ አስራ አንድ ይድረሱ» አለ። ሌላው ደግሞ «ትኬትዎ ተቆርጧል ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይገኙ» አለ። የመጀመሪያው ከሪፈረንሱ ጋር አንድም ቃል አይጋራም ስለዚህ ባዶ ነው የሚያገኘው፣ ተሳፋሪው ግን በሰዓቱ ደርሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ከሰባት ቃል ስድስቱን መቷል፣ ሰውየው ግን አውቶብሱ ከሄደ ከ12 ሰዓት በኋላ ሻንጣውን ጎትቶ መናኸሪያ ይመጣል። ይሄንን ምሳሌ ቴሲስሽ ውስጥ ክተቺው፣ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይሻላል።

አማርኛ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። «ቆርጬልዎታለሁ» ውስጥ ማን እንደቆረጠ፣ ለማን እንደቆረጠ፣ አክብሮቱ ሁሉ አንድ ቃል ውስጥ ታጭቋል፣ ከዛ ውስጥ አንዲት ፊደል ከተለየች ብሉ ሙሉ ቃሉን ስህተት ይለዋል። ባህር ዳርን አንዱ በ«ህ» አንዱ በ«ሕ» አንዱ ደሞ ሁለቱን አጣብቆ ይጽፈዋል፣ ፊደሎቹን ወደ አንድ ሳታመጪ ስኮር ካወጣሽ ያንን ሁሉ እንደ ስህተት ነው የምትቆጥሪው። በፊደል ደረጃ የሚቆጥሩ መለኪያዎች አሉ፣ ለአማርኛ ከብሉ ይሻላሉ፣ ግን የቀኑንና የሌሊቱን 11 ሰዓት እነሱም አይለዩልሽም።

ይሄ የኔ ብቻ ሀሳብ እንዳይመስልሽ። በ2016 ሞንትሪያል ያሉ ተመራማሪዎች፣ ቺያ ዌይ ሊዩ፣ ራያን ሎው፣ ጆኤል ፒኖና ሌሎችም ሆነው፣ እነዚህን መለኪያዎች ከሰው ዳኝነት ጋር አስተያይተዋል። ከትዊተር በተሰበሰበ ወሬ ላይ ዝምድናው ደካማ ነበር፣ ኡቡንቱ በሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ ሰዎች የቴክኒክ እርዳታ ከሚጠያየቁበት በተሰበሰበው ላይ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። ለአድቫይዘርሽ ይሄንን ፔፐር ላኪለት፣ በጨዋ ቋንቋ።

ቢሆንም ብሉውን ጨርሰሽ አትጣይው፣ ሰው እንዲያነጻጽር አባሪ ላይ አስቀምጪው። ስታስቀምጪ ግን ፊደሉን እንዴት እንዳስተካከልሽ፣ ቃሉን በምን እንደቆራረጥሽ፣ የቦታና የሰዓት ስም በልዩ ምልክት ተክተሽ ነው ወይስ እንዳለ ነው ያሰላሽው የሚለውን ጻፊ። መልቲዎዝ የሚባለው የ2018 የካምብሪጅ ዳታሴት ላይ፣ ወደ 10,000 የሚጠጉ ንግግሮች ያሉበት ማለት ነው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ለዓመታት የወጡ ቁጥሮች እርስ በርስ ሊነጻጸሩ የማይችሉ ሆነው ተገኝተዋል። ዳታሴቱ ራሱ ስህተቱ እየተለቀመ 2.1፣ 2.2 እየተባለ ነው የሄደው። ቁጥር ስላለ ብቻ ሳይንስ አይሆንም።

አሁን ወደ 4.7ቱ። ጓደኛሽ ነው፣ ለመመረቂያሽ እንደሆነ ያውቃል፣ ስልኩን ይዘሽ አጠገቡ ቆመሻል፣ ታዲያ ሁለት ሊሰጥሽ ነው? ይሉኝታ የሚባል ነገር እያለ በአገራችን የአምስት ኮከብ ስኬል ላይ 4.7 ማለት «በርቺ» ማለት ነው እንጂ ስለ ቦቱ የተሰጠ አስተያየት አይደለም። ሰው እርካታ ተሰማኝ ማለቱ ደግሞ ማሽኑ ገብቶታል ማለት እንዳልሆነ ከ1966 ጀምሮ እናውቃለን፣ ኤምአይቲ ውስጥ ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሰራው ኤላይዛ የሚባል ቻትቦት የሰውየውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ መልሶ ከመጠየቅ ብዙም የዘለለ ነገር ሳያደርግ ሰዎች ምስጢራቸውን ያጫውቱት ነበር። የግድ የሰው አስተያየት ከፈለግሽ ኮከብ አትጠይቂ፣ ሁለት ንግግር ጎን ለጎን አሳይና «ለእናትህ ትኬት እንዲቆርጥ የትኛውን ትመርጣለህ?» በይ። በ2019 ፌስቡክ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች አኪዩት ኢቫል ብለው ያወጡት ዘዴ ይሄው ነው፣ ከሁለት አንዱን ማስመረጥ። ሰው ክፉ ላለመሆን ብሎ ሁለቱንም 5 መስጠት አይችልም፣ መምረጥ አለበት። የትኛው ያንቺ እንደሆነ እንዳያውቅ አድርጊ፣ ግራና ቀኙንም አቀያይሪው።

እና ምን ልለካ ነው ዋናው። ለእያንዳንዱ ሞካሪ የግብ ካርድ ትሰጫለሽ፣ ከየት ወዴት፣ መቼ፣ ስንት ሰው፣ ከዛ ንግግሩ ሲያልቅ ዳታቤዙ ውስጥ ምን እንደተመዘገበ ታያለሽ፣ ካርዱና ምዝገባው ከገጠመ ተሳክቷል ካልገጠመ አልተሳካም፣ ቦቱ መሀል ላይ በምን ቃል አወራ የሚለው እዚህ ጋ አያገባንም። ካርዱን ስትጽፊ ግን ተጠንቀቂ፣ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወደ ደሴ 2 ትኬት ቁረጥ» ብለሽ ከሰጠሽው ያንኑ ቃል በቃል ገልብጦ ይልክና ቦትሽ የራስሽን አማርኛ እየሰማ ሙሉ ያገኛል። በታሪክ መልክ ስጪው፦ አርብ ከሰዓት ደሴ የአክስትሽ ልጅ ሰርግ ዋዜማ አለ፣ ከባለቤትሽ ጋር ትሄጃለሽ፣ የግድ መድረስ አለብሽ። በቃ። ያኔ ነው ሰው እንደ ሰው መጻፍ የሚጀምረው፣ «ሰላም የአርብ ደሴ ሁለት ሰው ነበር» ይላል፣ «ነበር» ስላለ ያለፈ ነገር የመሰለው ቦት እዛው ይወድቃል። አማዞን በ2022 ያወጣው ማሲቭ ዳታሴት ከ51ዱ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፣ 60 ኢንተንት (ሰውየው ምን እንደፈለገ) እና 55 ስሎት (እንደ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ ያለ የሚሞላ ዝርዝር) አለው፣ ለማሰልጠን ተጠቀሚበት፣ ግን ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ነጠላ ትዕዛዞች ስለሆኑ እንዲህ አይነቱን አጠያየቅ ከዛ አታገኚም፣ መመዘኛ አድርገሽ እንዳትደገፊበት።

ሰዓትና ቀን ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ያንቺ ቴሲስ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። የሰዓት አቆጣጠራችን የ6 ሰዓት ልዩነት ስላለው አንድ ሰው «2 ሰዓት» ሲል ጠዋት ነው ማታ ነው ብቻ ሳይሆን በየትኛው አቆጣጠር ነው የሚለውም አለ፣ በተለይ አሜሪካ ወይ ዱባይ ሆኖ አዲስ አበባ ላሉ እናቱ የሚቆርጥ ሰው በፈረንጁ ሊጽፍልሽ ይችላል። ከዛ ደግሞ ሌሊቱ የማን ነው? ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ «ለነገ ሌሊት 11 ሰዓት» ያለ ሰው አርብ ሊነጋ ሲል ማለቱ ነው ወይስ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል? ሰው ለሰው ሲያወራ «ለአርብ አጥቢያ ነው አይደል?» ብሎ ያጠራዋል፣ ቦትሽም ይሄንን ማለት መቻል አለበት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሳይተኛ «ለነገ» ብሎ የሚጽፍልሽም አለ፣ ሰርቨርሽ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ቀይሮታል፣ ለሰውየው ግን ገና ሐሙስ ነው። በዓል ላይ ደግሞ «ለገና ዋዜማ» ይላል፣ ገናን ታህሳስ 29 ብለሽ ኮዱ ውስጥ ከቸነከርሽው ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ትሳሳቻለሽ፣ በእኛ 2016 ላይ ታህሳስ 28 ነበር የዋለው። የቦታ ስምም እንደዛው፣ አዳማና ናዝሬት፣ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት፣ አንድ ከተማ መሆናቸውን ካላወቀ «ወደ ናዝሬት መስመር የለንም» ብሎ ሰው ይመልሳል።

ስለዚህ ጥቅል የስኬት ቁጥር ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ስሎት ለየብቻ ሪፖርት አድርጊ። ሁሉም ስሎት በአንድ ላይ ልክ የሆነበትን ብቻ የሚቆጥረው መለኪያ ጥብቅ ነው፣ መልቲዎዝ ላይ ዋናው እሱ ነው፣ ጥሩ ነው ያዢው፣ ግን የቱ ጋ እንደሚያነክስ አይነግርሽም። የኔ ግምት መድረሻና የሰው ብዛት ጥሩ ይመጡልሽና ቀን ላይ ትወድቂያለሽ፣ ያ ደግሞ ውድቀት ሳይሆን የቴሲስሽ ምዕራፍ 4 ነው።

ስኬት ብቻውንም አይበቃም። በ1997 ኤቲኤንድቲ ውስጥ ማሪሊን ዎከር፣ ዳያን ሊትማንና ባልደረቦቻቸው ፓራዳይዝ ብለው ያወጡት ሀሳብ አርጅቷል ይባላል፣ እኔ ግን እስከዛሬ ለተማሪ የምመክረው እሱን ነው። የተጠቃሚ እርካታ ከሁለት ነገር ይመጣል ይላል፣ ስራው ከመሳካቱና ያን ለማግኘት ከተከፈለው ዋጋ፣ ዋጋ ማለት ስንት ጊዜ ተመላለሱ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ቦቱ ስንቴ «አልገባኝም» አለ የመሳሰለው ነው፣ እነዚህን አስገብተሽ እርካታውን በሪግሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን በሚያወጣ ስሌት፣ ትተነብያለሽ። የሚያምረው ነገር የትኛው ጉድለት ተጠቃሚውን ይበልጥ እንደሚያስከፋው ከዳታው ማየትሽ ነው። እዚህ ጋ የማረጋገጫ ጥያቄ ዲዛይን ይገባል። ሁሉንም ነገር «ልክ ነው?» እያለ የሚጠይቅ ቦት አይሳሳትም ግን ያሰለቻል፣ ምንም የማይጠይቅ ደግሞ ፈጥኖ ገደል ይከታል። ርካሹን ነገር መልስ ውስጥ እያለፍሽ አንሺው፣ «ደሴ፣ እሺ፣ ለመቼ ይሁን?» እንደማለት፣ ውዱን ነገር ማለትም ቀኑንና ሰዓቱን ከቴሌብር ክፍያው በፊት ቁጭ አድርገሽ አስረጂው፣ «አርብ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሁለት ሰው፣ ልክ ነው?» በዪ። አንተ ይበል አንቺ ይበል ላልሽው ያው በ«እርስዎ» ጀምሪ፣ ሰው ከስሙ ወንድ ሴት ብሎ መገመት ውስጥ አትግቢ፣ ግማሽ ንግግር ላይ «እርስዎ» ብሎ ቀጥሎ «ላክልኝ» የሚል ቦት ካለሽ ግን እሱን እንደ አንድ የስህተት አይነት ቁጠሪው።

ሁለት ሞዴል ብቻ አታወዳድሪ፣ ቤዝላይን፣ ማለትም ቀላል ማነጻጸሪያ ጨምሪ፣ እሱም ቴሌግራም ላይ ተራ በተን ያለው ቦት ይሁን፣ መነሻ ምረጥ መድረሻ ምረጥ ቀን ምረጥ የሚለው። ተማሪዎች ይሄንን አይወዱትም ምክንያቱም በተኑ ሊያሸንፍ ይችላል። ያሸንፍ! «ነጻ ንግግር የሚጠቅመው ቀኑን በዓል ጠርቶ ለሚናገር ሰው ነው፣ ለቀሪው በተን ይበልጣል» ብሎ በዳታ ያሳየ ቴሲስ ከአስር «ሞዴላችን በለጠ» ይሻለኛል።

የሞካሪ ብዛት ላይ፣ በ30 ንግግር 24ቱ ተሳካ ብለሽ 80 በመቶ ብትጽፊ እውነተኛው ቁጥር በግምት ከ63 እስከ 90 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል፣ 100 ብታደርሺው ከ71 እስከ 87 ይጠብባል። ስለዚህ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነም ጻፊ፣ ሞካሪ ደግሞ ከኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት ውጪ ፈልጊ፣ መናኸሪያ አካባቢ ሂጂ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ይኑሩበት፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉም ይኑሩበት።

አንድ ጊዜ መሳካትና ሁሌ መሳካትም ይለያያል። በ2024 የወጣው ታው ቤንች የሚባለው የአየር መንገድና የችርቻሮ አገልግሎት መፈተኛ መጨረሻ ላይ ዳታቤዙን ነው የሚያየው፣ ያንኑ ስራ ደጋግሞ ሰጥቶ ሁሉም ይሳካል ወይ ብሎም ይጠይቃል። ጂፒቲ ፎር ኦ የሚባለው የኦፕንኤአይ ሞዴል ከግማሽ በታች ስራ ነው የተሳካለት፣ ችርቻሮው ላይ ስምንቴ ተደጋግሞ ስምንቴም መሳካት ደግሞ ከ25 በመቶ በታች ነበር። ያንቺ ቦት በአንድ ሙከራ 80 በመቶ ቢሆንና ሙከራዎቹ አንዱ ከአንዱ የማይያያዙ ቢሆኑ ስምንቴ በተከታታይ የመሳካት ዕድሉ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። እያንዳንዱን ካርድ ደጋግመሽ ለማስኬድ ሰው አይበቃሽም፣ እዛ ጋ ነው ሌላ የቋንቋ ሞዴል ተጠቃሚ መስሎ እንዲያወራ የምታደርጊው፣ የተጠቃሚ ሲሙሌተር ነገር ድሮም ነበር፣ ካምብሪጅ ውስጥ በ2007 የቋንቋ ሞዴል ሳይሆን አስቀድሞ በተጻፈ ደንብ የሚሰራ ነበራቸው። ግን ሲሙሌተሩ አማርኛው መጽሐፍኛ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ቦቱ ሦስቴ ቢሳሳት ተናዶ አይዘጋም። ለመደጋገሚያ ተጠቀሚበት፣ የሰው ቁጥር ቦታ ላይ አትተኪው።

በሞዴል ስለማስዳኘት ጠይቀሽ ባይሆንም አድቫይዘርሽ መጠየቁ አይቀርም። በ2023 የወጣው የኤምቲ ቤንች ጥናት ጂፒቲ ፎር ከሰው ዳኛ ጋር ከ80 በመቶ በላይ እንደሚስማማ አሳይቷል፣ እዛው ላይ ግን ቀድሞ ለቀረበለት እንደሚያደላ፣ ረጅሙን መልስ እንደሚወድ፣ የራሱን አጻጻፍ ሊያስበልጥ እንደሚችልም ጽፈዋል። ያ በእንግሊዝኛ ነው። ለአማርኛ መጀመሪያ አንቺና አንድ ሌላ ሰው መቶ ያህል ንግግር ለየብቻ ዳኙ፣ እናንተ ሁለታችሁ ምን ያህል እንደተስማማችሁ በካፓ፣ በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ በሚያሰላ መለኪያ፣ አስሉ፣ ከዛ ሞዴሉ ከናንተ ጋር ሲስማማ እዩ። እናንተ ራሳችሁ ካልተስማማችሁ ችግሩ መመሪያው ነው፣ ጻፉት እንደገና።

ከሁሉም በፊት ግን የከሸፉትን ንግግሮች ቁጭ ብለሽ አንብቢያቸው፣ ሁሉንም፣ ከላይ እስከታች። የትኛው ተራ ላይ ተበላሸ፣ ቦቱ ሳይገባው ቀርቶ ነው፣ ገብቶት ዳታቤዙን ተሳስቶ ጠይቆ ነው ወይስ የሌለ ነገር ፈጥሮ? የመጨረሻው በጣም አደገኛ ነው። የካቲት 2016፣ በፈረንጆቹ 2024፣ ካናዳ ውስጥ ኤር ካናዳ ቻትቦቱ ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ ቅናሹን ከጉዞ በኋላም መጠየቅ ትችላለህ ብሎ በመንገሩ፣ የኩባንያው ደንብ ግን ያንን ስለማይል፣ ጉዳዩ ሸንጎ ደርሶ እንዲከፍል ተፈርዶበታል፣ ቦቱ ራሱን የቻለ ነው ተጠያቂ አይደለንም ብሎ ለመከራከር ሞክሮም አልተሳካለትም። አንቺ ጋ «ካልሄድኩ ብሬ ይመለሳል?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። ያንን መልስ ሞዴሉ ከራሱ እንዲያፈልቅ አትተዪው፣ ከተጻፈው ደንብ ያምጣ፣ ካላገኘ ለሰው ያስተላልፍ፣ ምን ያህሉን በትክክል ለሰው እንዳስተላለፈም ለየብቻ ለኪ።

ድምፅ ለዚህ ቴሲስ አይሆንም። በ2009 በአስር ቋንቋዎች ላይ በተሰራ ጥናት ሰው ለሰው ሲያወራ በተራና በተራ መሀል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፣ ያንቺ ቦት ድምፁን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ፣ አስቦ፣ መልሶ እስኪናገር ሰውየው «ሄሎ? ሄሎ?» ማለት ይጀምራል፣ ከዛ የምትለኪው ዲያሎጉን ሳይሆን የድምፅ ማወቂያውን ስህተት ይሆናል። ለፒኤችዲ አቆዪው።

ዳታሽን ለሌሎች መልቀቅ ካሰብሽ፣ ልቀቂ ደግሞ፣ በአማርኛ እንዲህ አይነት ባለብዙ ተራ ንግግር በጣም ያስፈልገናል፣ ከመልቀቅሽ በፊት ስም፣ ስልክ ቁጥርና የክፍያ ማመሳከሪያ ቁጥሩን ሁሉ አጥፊ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ስለዚህ ሞካሪዎቹ ንግግሩ ለጥናት እንደሚውል ተስማምተው መጀመራቸውን ቦቱ የመጀመሪያው መልእክት ላይ ይጠይቅልሽ። ሰው ስልኩን በአሃዝ ብቻ ሳይሆን «ዜሮ ዘጠኝ አስራ አንድ» እያለ በፊደልም ይጽፋል፣ አሃዝ ብቻ የሚፈልግ ኮድ ያመልጠዋል።